አሸዋውን ከየት አመጣችሁት?

የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቼ እየዋሹኝ እንደሆነ የነቃሁት በአሸዋ ነው።

አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ለዩኒቨርሲቲ የሚበቃ ነጥብ ሳላመጣ ስቀር፣ አሶሳ እናቴ ቤት ተጎልቼ መዋል አልቻልኩም። መንጌ አቅራቢያ ያለ ትምህርት ቤት የቤተ ሙከራ ረዳት ይፈልጋል ሲባል ሄድኩ። ቤተ ሙከራ የሚሉት አንድ ቁልፉ የጠፋ ቁም ሳጥን ነበር። የሳይንስ መምህሩ ሥልጠና ላይ ስለሚከርም ሐሙስ ከሰዓት ልጆቹ ለእኔ ተተዉ። ሰሌዳ ላይ ጽፎ ማስገልበጥ ያንገሸግሸኛል። ከተበላሸ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ማግኔት ፈልቅቄ አወጣሁና «አሸዋ አምጡ» አልኳቸው።

ዝም ብዬ አልነበረም። የልጆቹ እናቶች ብዙዎቹ በጋውን ወንዝ ዳር ወርቅ በማጠብ ነው የሚያሳልፉት። ልጆቹም «ጥቁር አሸዋ ካለ ወርቅ አለ» ይላሉ።

«ማን አየ?»

«ሁሉም ያውቃል፣ ቲቸር።»

«ሁሉም ያውቃል ማስረጃ አይደለም። እንፈትሸው።»

እያንዳንዱ ከቤተሰቡ የወርቅ ጉድጓድ አሸዋ በፌስታል ያመጣል፣ ጥቁሩን በማግኔት ይለያል፣ ከወንዙ ላይኛውና ከታችኛው በኩል የመጣውን እናወዳድራለን። ስለዚህ ቦታውንም እንደምጠይቃቸው አስቀድሜ ነገርኳቸው። በሳምንቱ አሸዋውን ይዘው ሲመጡ «ከየት አመጣችሁት?» አልኩ።

ከፊት የምትቀመጥ ምላሷ የማያርፍ ልጅ ነበረች። እሷ «ከትልቁ ማንጎ በታች ካለው ደረቅ ወንዝ» አለች። ሌሎቹም ተራ በተራ ማንጎውን ጠሩ። ግን የአንዱ አሸዋ ማግኔቱ ላይ ጥቁር ጢም አበቀለ፤ የሌላው ቀይ አፈር ነው፣ ምንም አልተነሳለትም።

«ሁሉም ከአንድ ቦታ ነው?»

«አዎ፣ ቲቸር።»

«ቦታው እግር አለው እንዴ?»

ሳቁ። ምላሰኛዋ ግን አልሳቀችም። የምታየው ማግኔቱን ሳይሆን እኔን ነበር።

ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ዘግነው ያመጡት መሰለኝ። ሲዋሹኝ ደግሞ አርፌ መቀመጥ አይሆንልኝም። ቅዳሜ ጠዋት ወደ ማንጎው ሄድኩ። ወንዝ የለም፤ የማሽላ አገዳ የቆመበት ማሳ ነው። ጎንበስ ብዬ አፈሩን ዘገንኩና በጣቴ ፈተግኩት። ቀና ስል አንዲት ሴት ገበቴ ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ ታየኛለች። ሰላም አልኳት፣ መለሰች። ግን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። እኔው ነኝ ቀድሜ የሄድኩት።

በቀጣዩ ሐሙስ ርዕሰ መምህሩ በር ላይ ጠበቀኝ። «ወላጆች ልጆቻችንን ወደሷ አንልክም እያሉ ነው። ምን አድርገሽ ነው?»

«አሸዋ ነዋ ያስመጣኋቸው።»

«እንግዲህ አብርጂው። ካልበረደ የሐሙሱን እዘጋዋለሁ። አንቺንም ምን አድርጌ አቆይሻለሁ?»

ከተዘጋ እኔም ወደ አሶሳ፣ ወደ እናቴ ሶፋ መመለሴ ነው። ገባሁ። ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። ምላሰኛዋ መጥታለች። ሰሌዳው ላይ አሸዋ አምጡ ያልኩ ዕለት የጻፍኩት ሳይጠፋ ቆይቷል፤ «ነገሩ እውነት ከሆነ፣ ምን እናያለን?» ይላል። ወደዚያ በአገጯ አመለከተች።

«አንቺው ነሽ ያስተማርሽን» አለች። «ቲቸር ሰላይ ከሆነች የውሸት ቦታ ስንነግራት ትሄዳለች። ካልሆነች አትሄድም። አንድ ቦታ ብቻ እንድንናገር ተስማማን፤ ከቀላቀልን የቱን እንጠብቃለን? እናቴ ማሳው ዳር ሆና ጠበቀች። ሄድሽ።»

ገበቴ የተሸከመችው ሴት እናቷ ነበረች።

ነገሩን ከልጅቷ የሰማሁት ያኔ ነው። ባለፈው በጋ አንድ ወጣት «ለጥናት ነው» እያለ ቦታ ሲጠይቅ ዞሮ ነበር። እሱ ከሄደ በኋላ ማሽን የያዙ ሰዎች መጡ፤ ያ ወንዝ ለነዚህ እናቶች ክልክል ሆነ። ከዚያ በፊትም ቢሆን የሰው ጉድጓድ የት እንደሆነ አይጠየቅም፣ እህት እንኳን እህቷን አትጠይቅም። እኔ ከተማ ያደግሁ፣ ከሰላምታ በላይ የአካባቢውን ቋንቋ ቤርትኛን የማልሰማ የሰፋሪ ልጅ፣ ይህን ከየት ልወቅ?

ተናደድኩ። ኮራሁም። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ምን ዓይነት ፊት እንደሚደረግ አላውቅም።

«የሄድኩት እንደዋሻችሁኝ ጠርጥሬ ነው» አልኳት።

አሰበች። «ሰላይም ይሄዳል፣ የተጠራጠረም ይሄዳል።»

«እንግዲያው ሙከራችሁ ሁለቱን አልለየም።»

«አልለየም።» ይህ ደስ አላሰኛትም። «ሌላ እንሠራለን። ቦታውን አትጠይቂን። ያለ ቦታ ማስተማር ከቻልሽ፣ ጥሩ። ካቃተሽ ግን የፈለግሽው ቦታውን ነበር ማለት ነው።»

ላይኛውንና ታችኛውን ማወዳደሩን ሰረዝኩት። የእያንዳንዱን አሸዋ አጥበን ጥቁሩና ወርቁ አብረው ይገኙ እንደሆነ ማየት ብቻ ቀረ። ለዚህ ቦታውን ማወቅ አያስፈልግም።

በሳምንቱ እናትየው ራሷ ገበቴዋንና አንድ ፌስታል አሸዋ ይዛ መጣች።

«አንተ ነው አስተማሪ?» አለችኝ በተሰባበረ አማርኛ።

«እኔ ነኝ፣ እናቴ።»

«አሸዋ አለ። ቦታ የለም።»

የመጡት ጥቂት ልጆች ከበቧት። ውሃ ጨምራ ገበቴውን አዟዟረችው፤ ነጩ ፈሰሰ፣ ጥቁሩ ታች ቀረ። ብዙ ጥቁር ነበር። ወርቅ ግን የለም።

«በቃ፣ ሁሉም የሚያውቀው ውሸት ነው» አለ አንዱ ልጅ።

እኔ ግን አላመንኩም። አሸዋው በጣም ንጹህ ነው፤ ጭቃ የለውም፣ ውሃውን አላደፈረሰም። ይቺ ሴት ወርቁን አንድ ጊዜ አውጥታ የጨረሰችውን ነው ያመጣችልኝ ብዬ ጠረጠርኩ። እናትየው ዓይኔን እያየች ትጠብቃለች። ልጇም ትጠብቃለች። አፌ ላይ የመጣው የፈረደበት «ከየት?» ነበር። ዋጥኩት።

«እናቴ፣ ይህ አሸዋ ከዚህ በፊት ታጥቧል?»

ልጅቷ በቋንቋቸው አስረዳቻት። እናትየው ገበቴውን ዘቅዝቃ አራገፈችና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

«ታጥቧል» አለች።

በቀጣዩ ሐሙስ ወንበሮቹ ሞሉ፤ ርዕሰ መምህሩም በር ላይ አልቆመም። እናትየው ሌላ አሸዋ ልካ ነበር፣ ጭቃማ፣ ጥቁር ያለበት። ስናጥበው ታች አንዲት ቢጫ ፍንጣሪ ቀረች። ልጆቹ ተጋፍተው አዩዋት። ምላሰኛዋም አየች፤ ከዚያ ቀና ብላ እንደገና እኔን ማየት ጀመረች።

«አሁን አመናችሁኝ?» አልኳት።

«እስካሁን ቦታውን አልጠየቅሽም» አለች። «ያየነው ያንን ብቻ ነው።»