ዳሞታ ሥር የተማርኩት ቫዮሊን

ቫዮሊን መማር የጀመርኩት በአርባ ሦስት ዓመቴ ነው። ያኔ ሶዶ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል እሠራ ነበር። አስተማሪ ባፈላልግም ስላላገኘሁ፣ ፎቶ ኮፒ የተደረገ መማሪያ ይዤ ብቻዬን ገባሁበት። በሦስተኛው ቀን አከራዬ ወይዘሮ አልማዝ በሬን አንኳኩተው፣ «ልጄ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ማን ታሞባችሁ ነው እያለ ይጠይቀኛል» አሉኝ።

መተው ግን አልሆነልኝም። በየማለዳው ከሥራ በፊት ወደ ዳሞታ ተራራ ግርጌ እየወጣሁ ባሕር ዛፎች ሥር መለማመድ ጀመርኩ። ከዛፎቹ አጠገብ ማሳ ያላቸው አቶ ባሳ የሚባሉ አዛውንት ገበሬ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያዳምጡኛል። ሳቆም «ጨምር እንጂ» ይሉኛል። አንድ ቀን ጉንፋን ይዞኝ ብቀር በማግስቱ ተቆጡኝ። በዚያ ከተማ የእኔን ቫዮሊን የሚፈልግ ሌላ ሰው ስላልነበረ፣ ከዚያ ወዲያ ጣቴ ቆስሎ እንኳ አልቀረሁም።

በስምንተኛው ወር አንድ ዜማ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳልሳሳት ተጫወትኩ። እንባዬ መጣ። ወደ አቶ ባሳ ዞር ስል ፊታቸው ጠቁሯል።

«ምነው አባባ፣ አላማረም?»

«አማረ እንጂ» አሉኝ ቅር እያላቸው። «እስከ ዛሬ ያንተን ድምፅ ሲሰሙ ጦጣዎቹ ይሸሹ ነበር። ዛሬ ግን ቁጭ ብለው፣ በቆሎዬን እየበሉ ሰሙህ።»