ወጌሻዋ ሐረገወይንና የጀውሃ ወንዝ አጥንት

ሐረገወይን በቀወት ገጠር አጥንት ስትጠግን ሠላሳ ዓመት ሞልቷታል። ከዛፍ የወደቀ፣ በቅሎ የጣለችው፣ በሬ የወጋው ሁሉ ደጇን ያውቀዋል። ደልዳላና ጨዋታ አዋቂ ሴት ነበረች፤ የተሰበረውን እግር እየሳበች ባለቤቱን ታስቀዋለች። ስለ አጥንት ግን አትዋሽም። «ይድናል» ካለች ይድናል፤ «ታነክሳለህ» ካለች በሽተኛው ምርኩዙን ያስቆርጣል።

በ1930 ዓ.ም. ጣሊያኖች የደሴን መንገድ ሲሠሩ፣ ጀውሃ ወንዝ ዳር የድልድይ መሠረት ያስቆፍሩ ነበር። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሀይሉ የሚባለው ቆፋሪ ዶማውን ሲሰነዝር ድንጋይ የመሰለ ነገር መታ። አፈሩን ሲጠርጉት የጭን አጥንት ሆኖ ተገኘ፤ ቢያቆሙት ከሀይሉ ደረት ይደርሳል።

ዶማው ሁሉ ተጣለ። ክርስቲያኑ «የጥንት ሰው እንዲህ ግዙፍ ነበር ይባላል፤ መቃብር ነው» አለ። ሙስሊሙም «ቀብር አይነካም» ብሎ ተቀመጠ። ሥራውን የሚያዘው ጣሊያናዊ ሻምበል ቢጮህ፣ ቢዝት፣ የሚነሳ ጠፋ።

በመጨረሻ አስተርጓሚው አብዱሰላም መላ አመጣ። የአሊዩ አምባ ነጋዴ ልጅ ነው፤ ጣሊያንኛውን አሰብ ወደብ ላይ ነው የለቀመው። «ሰዎቹ የሚያምኗት ወጌሻ አለች» አለና በቅሎ ስቦ ሊያመጣት ሄደ።

መንገድ ላይ ወደ እሷ ሳይዞር፣ «እትዬ ሐረገወይን፣ የሰው ነው ካሉ ማንም ዶማ አያነሳም። መንገዱም እዚያው ይቀራል። እኔ ያሉትን ነው የምተረጉመው» አላት።

የፈለገው ገብቷታል። ታናሽ ወንድሟ አሰፋ ዱር ቤቴ ብሎ ከአርበኞች ጋር ከወንዙ ማዶ ካለው ገደል በላይ ነው ያለው። መንገዱ ካለቀ የወታደር መኪና እነሱ ዘንድ ለመድረስ ግማሽ ቀን አይፈጅበትም።

«ሳላየው ምን እላለሁ» አለችና በቅሎዋን ወደ ወንዙ ነዳች።

ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ከሻምበሉ ጋር ብሩኖ የሚባል መነጽራም ሽማግሌ ቆሟል፤ ድንጋይና አፈር የሚመረምር ነው። ሐረገወይን ነጠላዋን አጣፍታ ወረደች። አጥንቱን ከላይ እስከ ታች ዳሰሰችው፤ አጠገቡ ያለውን መንጋጋም ዳሰሰች። ሠራተኛው ጉድጓዱን ከቦ ያያታል።

«የሰው አይደለም» አለች ቀና ብላ። «የሰው ጭን ወደ ጉልበቱ ሲወርድ ወደ ውስጥ ያዘነብላል። ይሄ እንደ ምሰሶ ቀጥ ያለ ነው፤ ባለ አራት እግር እንስሳ ነው። ዝሆን እንዳልለው ጥርሱ ከታችኛው መንጋጋ ወጥቶ ወደ መሬት ታጥፏል። እንዲህ ያለ ፍጥረት አይቼ አላውቅም።»

አብዱሰላም ፊቱ ጠቆረ፤ ግን ተረጎመ። ሻምበሉ ደስ ብሎት «ቆፍሩ» ሲል እጇን አነሳች።

«አልጨረስኩም። በዶማ ከተመታ ይረግፋል፤ የረገፈ አጥንት ደግሞ እኔም አልጠግንም። በቢላና በመጥረጊያ፣ ቀስ እየተባለ ነው የሚወጣው።»

ብሩኖ ሊያቅፋት ምንም አልቀረው። ከኪሱ የጥንት ቅሪት ሲገኝ ሥራ እንዲቆም የሚያዝ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት አውጥቶ ከሻምበሉ ጋር ተጨቃጨቀ። ሻምበሉ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ከዚያ ጥሏቸው ሄደ።

ሥራው አምስት ሳምንት ፈጀ። ሐረገወይን በየቀኑ ትመጣለች። ብሩኖ አጥንቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ጀሶ ሲለስነው አየችና፣ «ይሄማ የኔው ሥራ ነው፤ ልዩነቱ በሽተኛው አይጮህም» ብላ እሷም እጇን ጀሶ ውስጥ ነከረች።

ከጉድጓዱ የወጡት እንስሳት አራት ነበሩ፤ አንዱ ግልገል ነው። ሁሉም ጭንቅላታቸው ወደ አንድ አቅጣጫ ዞሯል። ብሩኖ ቆሞ ሲያስብ ሐረገወይን አብዱሰላምን፣ «ውሃ ጠምቷቸው ነው በለው» አለችው። «በክፉ ቀን ልጅ ነበርኩ። የአባቴ ከብቶች ያለቁት ወንዝ ዳር ጭቃ ውስጥ ነው፣ ሁሉም ፊታቸውን ወደ ውሃው አዙረው። መጀመሪያ የወደቀችው ጥጃዋ ነበረች፤ እናቲቱ ትታት አልሄደችም።»

ሽማግሌው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «የነዚህ አራቱ ሞት እሷ እንዳለችው ይሆናል። የዘራቸው መጥፋት ግን ብዙ ሺህ ዓመት የፈጀ ነው። ይሄ አገር ደን ነበር። ቀስ በቀስ ደረቀ፣ ደኑ ሣር ሆነ። የነሱ ጥርስ የተሠራው ለቅጠል ነው። እርግጠኛ ግን አይደለሁም፤ ግምቴ ነው።»

«ሣር በሞላበት አገር በረሃብ አለቁ ማለት ነው?»

«እንደዚያ ይመስለኛል።»

«ምስኪኖች» አለች፤ የግልገሉንም አጥንት ራሷ ጠቀለለችው።

በነዚያ ሳምንታት ከገደሉ በላይ የነበሩት አርበኞች ቁስለኞቻቸውን በቃሬዛ ይዘው ወደ መንዝ አለፉ። አጥንቶቹ በሳጥን ታሽገው በመኪና ወደ ደሴ ሄዱ፤ ከዚያ ወዲያ የት እንደደረሱ ማንም አልነገራት። ድልድዩም ተሠራ፣ ወታደሩም ተሻገረ፤ ከገደሉ በላይ ያገኘው ግን የከሰመ እሳትና ባዶ ዋሻ ብቻ ነበር።

ጠላት ከወጣ በኋላ አሰፋ ጎፍሮ፣ ከስቶ ቤቷ ገባ። ወሬውን ሰምቶ ኖሮ ገና ሳይቀመጥ፣ «እንዴት የሰው ነው አላልሽም?» አላት።

«ብዋሽ ኖሮ ነገ ክንዱ የተሰበረ ሰው በምን ያምነኛል?» አለችው። «ደግሞ ቀስ በሉ አልኩ እንጂ ፍጠኑ አላልኩም። በል ቁጭ በል፤ ትከሻህ ተዛንፏል፣ ልየው።»