ከነቀምቴ እስከ ሲሬ፣ የእናቴ የልብ ምት

እናቴ እጇን ዘርግታ «እስቲ ያዘው» አለችኝ። ከአዲስ አበባ ነቀምቴ ገና መድረሴ ነበር፤ ሻንጣዬን እንኳ ወደ ቤት አላስገባሁም። አንጓዋን ያዝኩ። ከቆዳዋ ሥር ያለው ትርታ ወንፊት ላይ እንዳለ እህል ይንቀጠቀጣል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከፋሲካ ወዲህ። ልቤ ይሮጣል፣ ኢልመ ኮ። ሌሊት አልተኛም። ቀን ደግሞ እጄ ብርጭቆ አይዝም።»

ኢልመ ኮ በኦሮምኛ ልጄ ማለት ነው፤ እናቴ አማርኛ ስታወራም ይህን ቃል አትተረጉመውም።

ያን ጊዜ፣ በንጉሡ ዘመን፣ በጋዜጣ ሥራ የቆየሁ ሰው ነበርኩ። የተገለበጠ መኪና፣ የተቃጠለ ገበያ፣ ጎርፍ የወሰደው ድልድይ አይቻለሁ፤ ቆሜ ጠይቄ፣ አጣርቼ ጽፌ፣ ተመልሼ እራቴን በልቻለሁ። የእናቴን አንጓ ይዤ ግን የምጠይቀው ጠፋኝ። አባቴ አስተማሪ ነበር። ጠመኔ እንደያዘ ደረቱን ጨብጦ በተማሪዎቹ ፊት ወደቀ፤ አልተነሣም። ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት «ልቤ ይሮጣል» ይል ነበር። ማናችንም ከቁም ነገር አልቆጠርነውም። አሁን ያንኑ ቃል ከእናቴ አፍ ሰማሁት።

የጤና ጣቢያው ድሬሰር ደረቷን አዳምጦ «ቡና ይተዉ» ብሏት ነበር። ተወች። ጀበናዋን አጥባ መደርደሪያ ላይ ደፋችው፤ ጎረቤት ሲጠራትም ውሃ ጠጥታ ትመለሳለች። ወለጋ ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንዷ ጎረቤታችን፣ ከጎጃም የመጡ ነጋዴ፣ «እኛ ጾም እንኳ የማያስተወንን እናትህ ባንድ ድሬሰር ቃል ተወችው» ብለው ገርሟቸው ነገሩኝ።

በሽታው ግን ባሰ። የእኔንም ፍርሃት ያባሰው ይኸው ነው። ቡናው ሄዶ ልቧ ከበፊቱ የበለጠ ከሮጠ፣ ቡና አልነበረም ማለት ነው፤ የአባቴ በሽታ ነው ማለት ነው። እኔ ራሴ አባቴ ከሞተ ወዲህ ልቤን ስለምፈራ ቡና በአፌ ዞሮ አያውቅም። ቢሮ ውስጥ ጓደኞቼ «የቡና አገር ልጅ፣ ሻይ ጠጪ» እያሉ ይሳለቁብኛል። ምክንያቴን ነግሬያቸው አላውቅም።

አዲስ አበባ ወስጄ ሐኪም እንዲያያት ወሰንኩ። በማግስቱ ማለዳ አውቶቡስ ተሳፈርን። መስኮቱ አጠገብ አስቀመጥኳት። ስንቋን በቅል ይዛ ጭኗ ላይ አድርጋለች። ከከተማው እንደወጣን ከፈተችው፦ የገብስ ቆሎና ቡና ቀላ። ቡና ቀላ፣ ለማያውቀው፣ ቡናው ከነገለባው በቅቤ የሚጠበስ ምግብ ነው። በእኛ አገር ለእንግዳ ይቀርባል፣ ምርቃት ይደረግበታል፣ መንገደኛም ይሰንቀዋል።

«ብላ። ምንም ሳትቀምስ ነው የወጣኸው።»

እውነቷን ነበር። እጄም የሚይዘው ነገር ይፈልግ ስለነበር እያፈስኩ በላሁ። ቅቤው ጣቴን አረጠበው፤ ገለባው ከጥርሴ ሥር ተሰበረ፤ ምሬቱ መጣና ገብሱ ሸፈነው። እሷም ቆርጠም ቆርጠም ታደርጋለች። በየመካከሉ አንጓዋን እይዛለሁ።

አቧራው በመስኮት እየገባ ጥቂት እንደተጓዝን ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ዘለለ። መንገዱ ነው ብዬ አለፍኩት። ደግሞ ዘለለ። ከዚያ መሮጥ ጀመረ። የግራ እጄን በቀኜ ጨብጬ ያዝኩ፤ ሁለቱም ይንቀጠቀጣሉ። መዳፌን አላበኝ። ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ ኮሌታ ላይ ያለው ስፌት አንድ በአንድ ይታየኛል፤ የሞተሩ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ የገባ ይመስላል። ሁሉ ነገር ግልጽ፣ ሁሉ ነገር አስፈሪ ነበር።

መጣ፣ አልኩ በልቤ። በዘር ነው። ሁለታችንንም ባንድ አውቶቡስ ውስጥ ያዘን።

ለእናቴ ልነግራት አልቻልኩም። እሷ ራሷ ግን «ማሎ፣ እባክህ ያቁምልኝ» አለች፤ ሽንቷ መጥቷል። የእኔም መጥቶ ነበር። አውቶቡሱ ቆመ፤ ወርደን ተመለስን። ብዙም ሳንሄድ ደግመን አስቆምን። በሦስተኛው ረዳቱ በሩን ይዞ ጮኸ፦

«እናንተ ሰዎች፣ ውሃ ስትጠጡ አላየሁም፤ ከየት ነው የምታመጡት?»

ተሳፋሪው ሳቀ። ከኋላችን የተቀመጡ አንዲት ሴት «ልጅየው ነው በሽተኛው ወይስ እናቲቱ?» አሉ። «ሁለቱም ገርጥተዋል።»

እናቴ ዘወር ብላ «እኔ ነኝ። እሱ እኔን አይቶ ነው» አለቻቸው።

እኔ ግን አልሳቅኩም። የረዳቱ ጥያቄ ውስጤ ቀረ። ከየት ነው የምታመጡት? ፍርሃቴ ሳይለቀኝ የሥራዬ ልማድ ተነሣብኝ፦ ሁለት ሰዎች ባንድ ሰዓት አንድ ዓይነት ሕመም ካመማቸው፣ ምን የጋራ ነገር ነበራቸው ተብሎ ይጠየቃል። ደም አለን። ደም ግን ትናንትም ነበረን፤ እኔ ትናንት ጤነኛ ነበርኩ። ቅሉን አየሁት።

«አዮ» አልኳት፤ እናታችንን የምንጠራት እንደዚያ ነው። «ይህን ቡና ቀላ ከመቼ ወዲህ ነው የምትበዪው?»

«ቡናውን ከተውኩ ወዲህ። ራሴን ሲያመኝ፣ ጉልበት ሲያንሰኝ ትንሽ እቆረጥማለሁ።»

«በቀን ስንቴ?»

«ስንቴ ብዬ ልቁጠር? እጄ በገባ ቁጥር። የማልተኛ ሰው ምን ላድርግ?»

«ቡና ተዪ ተብለሽ የለም ወይ?»

እንደ ሞኝ አየችኝ። «ትቻለሁ እኮ። አንድ ሲኒ ጠጥቼ አላውቅም። ይሄ እህል ነው፤ ቅቤ ያለበት ምግብ ነው። አንተስ ቡና አልጠጣም ባይ፣ አሁን ስትበላ የቆየኸው ምንድን ነው?»

 በአገራችን ቡና የሚጠጣ ነገር ነው፤ ቡና ቀላ የሚበላ ነገር ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ሁለቱ ባንድ መደብ ተቀምጠው አያውቁም።

ብዙ ዘመን ቆይቶ ለአንድ ጽሑፍ የጠየቅሁት ሐኪም አስረዳኝ። ነቅተን በዋልን መጠን አንጎላችን ውስጥ «በቃ፣ ዕረፍ» የሚል ንጥረ ነገር ይጠራቀማል። ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን የእርሱን ቦታ ቀድሞ ይይዝበታል። ድካሙን አያጠፋውም፤ የድካሙን ወሬ ብቻ ያግዳል። ሲበዛ ልብ ይፈጥናል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሽንት ይመላለሳል። አንጎልም ልብ የሚሮጥበትን ምክንያት ሲያጣ አደጋ አለ ብሎ ይደመድማል። ተጠጣ ተበላ ለሰውነት አንድ ነው፤ እንዲያውም ሲበላ ፍሬው ከነሙሉ ኃይሉ ይገባል፣ አተላ ሆኖ የሚቀር የለም። ያን ቀን ግን ይህን ሁሉ አላውቅም። ያለኝ አንድ ጥርጣሬ ብቻ ነበር።

ሲሬ ደረስን። አክስቴ እዚያ ትኖር ነበር። ወርደን ቡናው እስኪለቀን እንጠብቅ ወይስ እንቀጥል? ጥርጣሬዬ ትክክል ከሆነ ቅሉን መዝጋት ይበቃል፤ አዲስ አበባ ድረስ ማንገላታቷ ከንቱ ነው። ከተሳሳትኩ እናቴን ሐኪም ወደሌለበት ከተማ አውርጄ፣ ወደ ሐኪም የሚወስዳትን መኪና ሰድጄ፣ በገዛ እጄ ልገድላት ነው። ረዳቱ «ትወርዳላችሁ ወይስ ደግሞ ለሽንት ነው?» አለ። ወረድን። አውቶቡሱ አቧራውን አንሥቶ ሲሄድ እንዲቆም ልጮህ ምንም አልቀረኝም።

ቅሉን ለአክስቴ ሰጥቼ እንዳትመልስላት አስጠነቀቅኋት። የእኔ ልብ ወደ ማታ ረገበ። የእናቴ ግን ገና ነበር። በማግስቱ ከዚያ የባሰ መጣ፦ ራሷን እንደ መጥረቢያ ፈለጣት፤ አስመለሳት፤ ብርሃን አስጠላት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች።

አክስቴ በሩ ላይ ቆማ ትቆጣኛለች። «በእግሯ የመጣችውን እህቴን አልጋ ላይ ጣልክልኝ። አንተ ሐኪም ነህ?»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ምን አውቀህ ነው?»

ምንም አላውቅም ነበር። ቡና ሲቋረጥ እንዲህ እንደሚያደርግ የነገረኝ አልነበረም። ወደ ጓሮ ወጥቼ ቆምኩ። ቀጣዩ አውቶቡስ መቼ እንደሚያልፍ ጠይቄ አጣርቼ ነበር፤ ባያልፍ የጭነት መኪና ለምኜ እወስዳታለሁ ብዬ ወሰንኩ። አባቴ ጠመኔ ይዞ ሲወድቅ እኔ አልነበርኩም። ይህቺኛዋን ግን ቆሜ እያየሁ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ ባለው ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከቤቱ ድምፅ ጠፋ። ማቃሰቱ የለም፤ መገላበጡ የለም። ገባሁ። እናቴ በጀርባዋ ተኝታለች፣ አፏ ገርበብ ብሏል፣ እጇ ከአልጋው ወርዷል። ደረቷ ሲነሣ አላየሁም። ተንበርክኬ አንጓዋን ፈለግኩ። መጀመሪያ አጣሁት፤ ጣቴ የራሴን ትርታ ብቻ ይሰማል። ቦታ ለወጥኩ።

አገኘሁት። ዝግ ያለ ነበር። አንድ፣ ዕረፍት። አንድ፣ ዕረፍት።

ዓይኗን ሳትገልጥ «ሞቻለሁ እንዴ?» አለች።

«አልሞትሽም፣ አዮ።»

«እንግዲያስ እጄን ልቀቀኝ፣ ልተኛበት።»

እሺ አልኳት። አልለቀቅኳትም።