ገመዱ ያልታየበት ፎቶ

ባለፈው ጥቅምት ልጄ ለሠርግ አዳማ ሄዳ፣ ካረፉበት ሆቴል ግቢ አንድ ፎቶ በስልክ ላከችልኝ። አረንጓዴ በቀቀን ነው። ቅርንጫፍ ላይ ቆሞ አንገቱን ሰበር አድርጎ ወደ ካሜራው ያያል። ከሥሩ «እማ፣ ጫካ ውስጥ ያለ አይመስልም?» ብላ ጽፋለች። ደወልኩላት። ወፉ ያለው ለካ ሽቦ ቤት ውስጥ ነው፤ ሽቦውን በጣቷ እያሻሸች ከፎቶው ላይ አጥፍታዋለች። «ቀላል ነው እኮ፣ ስመጣ አሳይሻለሁ» አለችኝ። እሺ አልኳት። ስልኩን ዘግቼ የመድኃኒት ቤቴን ባንኮኒ ተደግፌ ትንሽ ቆምኩ። አባቴ ያነሳውን አንድ ፎቶ እያሰብኩ ነበር።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው አሰላ፣ አንዲት የቀበሌ ቤት ውስጥ ነበር። አባቴ ታደሰ ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ የመጣ የባዮሎጂ አስተማሪ ነው። እናቴ ከደሴ የመጣች ነርስ ነበረች፤ ሰፈሩ ሁሉ ሲስተር አልማዝ ይላታል። አባቴ ወፍ ፎቶ ማንሳት ይወድ ነበር። ካሜራውን የተወለት አብሮት ያስተምር የነበረ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ነው። አንዱ ፊልም ሠላሳ ስድስት ጊዜ ብቻ ስለሚያነሳ፣ ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ ሳይጫን ረጅም ጊዜ ይቆማል። የዱር ወፍ ደግሞ ሰው ሲጠጋው ይበራል። ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ የምናየው ብዙ ሰማይና መሃሉ ላይ ዝንብ የምታክል ነጥብ ነው። እናቴ ከሥራ መጥታ፣ የሆስፒታሉ ሳሙና እጇ ላይ እየሸተተ፣ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ታገላብጣለች። «ታዴ፣ ይሄኛው ላይ ወፉ የቱ ጋ ነው?» ትለዋለች። እሱም ሳይቀየም በጣቱ ያሳያታል።

ክረምቱ ሊገባ ሲል እናቴ ለክትባት ሥራ ዲክሲስ ሄዳ ተመለሰች። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ያየችውን ነገረችን። ጭላሎ ግርጌ ካለው ጨፌ አጠገብ መኪናቸው ጎማ ፈንድቶበት ቆመው ሳለ፣ ጉም ውስጥ ሁለት ረጃጅም ወፎች አየች። ራሳቸው ላይ እንደ ዘውድ የቆመ ወርቃማ ላባ አላቸው።

አባቴ ሳቀ። «ጋጋኖ ነው ያየሽው። ባለ ዘውዶቹ የሐይቅ ዳር ወፎች ናቸው፣ እንደዚህ ብርድ ያለበት አይወጡም።»

«ጋጋኖማ በየቀኑ ጣሪያችን ላይ ይጮህ የለ እንዴ! አውቀዋለሁ። እነዚህ ዘውድ አላቸው።»

«እሺ፣ አንድ ቅዳሜ እንሄድና ጋጋኖውን አሳይሻለሁ።»

አልሄዱም። መጀመሪያ ዝናቡ በረታ፤ ቀጥሎ እናቴ ታመመች። በስድስት ሳምንት ውስጥ አለቀች። ነሐሴ ውስጥ ቀበርናት።

አላለቀስኩም። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጡት ሴቶች «ልጅቷ ደንግጣ ነው» ይባባሉ ነበር። ድንጋጤ አልነበረም። ጥርስ ሊነቀልልሽ ማደንዘዣ ስትወጊ ድድሽ እንደሚሆነው ነበርኩ፤ ጣትሽ ሲነካው ይታወቅሻል፣ ድድሽ ግን ምንም አይሰማውም። የሰጡኝን በላሁ። አንሶላ ሲቀየር ረዳሁ። መስከረም ሲጠባ ደብተሬን ሸፍኜ ትምህርት ቤት ሄድኩ።

አባቴም ከዚያ በኋላ ብዙ አያወራም ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ግን ካሜራውን አንገቱ ላይ ያንጠለጥልና «ሰብሊ፣ ሹራብሽን ልበሺ» ይለኛል። በሚኒባስ የሳጉሬን መንገድ ይዘን እንሄድና መሃል ላይ ወርደን፣ በገብስ ማሳ መሃል አንድ ሰዓት ያህል በእግራችን እንጓዛለን። ጨፌው ጠዋት ጠዋት አመዳይ ለብሶ ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል። ጎረቤት የሰጠችንን የገብስ ጭኮ በቆርቆሮ ጣሳ ይዘን እንሄዳለን፤ ቅቤው በብርዱ ስለሚረጋ በጣታችን እየቆረስን እንበላለን። አባቴ በሆዱ ተኝቶ ያነጣጥራል። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ የሚጠራልኝን ስም ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ጋጋኖ፣ ዝይ፣ ቁራ፣ ጭልፊት። ምን እንደምንፈልግ አንድ ቀንም አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩትም። ከመስከረም እስከ ጥር እንዲህ ሄድን። ሁለቱን ወፎች አላየንም።

የካቲት ላይ አንድ ተማሪው ሳጉሬ አካባቢ እንዲህ ያለ ወፍ ሰው ግቢ ውስጥ እንዳለ ነገረው። ሄድን። የቤቱ ባለቤት አዴ ሹሚ የሚባሉ፣ ፊታቸው በብርድና በፀሐይ የጠቆረ ትልቅ ሴት ነበሩ። «ኮታ፣ ግቡ፣ ውሻው ታስሯል» ብለው አስገቡን። ወፉ ከዶሮዎቹ መሃል ቆሟል። ዘውዱ ልክ እናቴ እንዳለችው ነው፤ ወርቃማ ሆኖ ነፋስ ሲነካው ይርገበገባል። አንዱ ክንፉ ተንጠልጥሏል። እግሩ በገመድ ከአጥሩ ግንድ ጋር ታስሯል።

«ወንድሜ ነው ከዝዋይ ያመጣው» አሉ አዴ ሹሚ። «ክንፉ ተሰብሮ አገኘው። ካልታሰረ ይወጣል፤ ከወጣ ደግሞ ውሻ ይበላዋል። ምን ላድርግ? ስንዴ እሰጠዋለሁ።»

አባቴ ጎንበስ ብሎ ብዙ አየው። ወፉም አየው፤ አልሸሸም፣ የሚሸሽበትም የለውም። በመጨረሻ ፎቶ ለማንሳት ፈቃድ ጠየቀ። አዴ ሹሚ ሳቁ፤ «እሱን ብቻ ነው? እኔን አታነሳኝም?» አሉት። መጀመሪያ እሳቸውን በር ላይ አቁሞ አነሳቸው። ከዚያ እበቱ ላይ በሆዱ ተኛ፤ ዶሮዎቹና አጥሩ እንዳይታዩ፣ በስተጀርባ የገብሱ ማሳና የጭላሎ ጫፍ ብቻ እንዲታዩ ቦታ መረጠ።

«ሰብሊ፣ ያንን ቢጫ ጀሪካን አንሺልኝ።»

አነሳሁት።

«ገመዱ ላይ ሳር በትኚበት።»

በተንኩበት። እግሩ ላይ ያለው ቋጠሮ እስኪጠፋ ድረስ ሳሩን እፍኝ በእፍኝ አለበስኩት። ወፉ ዝቅ ብሎ እጄን አየ። አባቴ ቁልፉን ሲጫነው ቀጭ የሚለው ድምፅ ብዙ ጊዜ ተሰማኝ፤ ያን ቀን አልቆጠበም።

ፎቶው ታጥቦ መጣ፤ ከዚያ በፊት እንደዚያ ያለ አንስቶ አያውቅም። የዓይኑ ብሌን ሳይቀር ይታያል። አባቴ በትልቁ አሳጠበውና ለወላጆች ቀን እሱ የሚመራው የትምህርት ቤቱ የተፈጥሮ ክበብ ባዘጋጀው ዐውደ ርእይ ላይ ሰቀለው። ከሥሩ በጥሩ የእጅ ጽሑፉ «ባለ ዘውድ ወፍ፣ ጭላሎ ግርጌ ጨፌ» ብሎ ጻፈበት። ጽሑፉን ሳነብ ቀና ብዬ አየሁት። እሱ አላየኝም። ርዕሰ መምህሩ ወላጆቹን እያመጡ ያሳዩ ነበር፤ «ከአገራችን ተራራ፣ በእኛው መምህር!» ይላሉ። ሰው ያጨበጭብ ነበር። እኔም አጨበጨብኩ።

ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የክበቡ ጸሐፊ ጫልቱ የምትባል የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። «ቲቸር፣ ቦታው ድረስ ይውሰዱን» አለችው። አባቴ ዝናብ ነው አለ። ፈተና ደርሷል አለ። በመጨረሻ ርዕሰ መምህሩ ራሳቸው አይሱዙ አስፈቀዱና ግንቦት ላይ አንድ ቅዳሜ አርባ ያህል ተማሪ ተጭኖ ወጣን። እኔና አባቴ ጋቢና ነበርን። ከኋላ ተማሪዎቹ በኦሮምኛና በአማርኛ እያፈራረቁ ይዘፍናሉ። አባቴ መንገዱን ሁሉ መስኮቱን እያየ ሄደ።

ጨፌው ጉም ለብሷል። ተማሪዎቹ ድምፅ እንዳያሰሙ ተነግሯቸው ቁጢጥ ብለው ጠበቁ። ካፊያ መጣ። ማንም አልተነሳም። አንድ ጊዜ ጉሙ ውስጥ ክንፍ ተሰማና «መጡ! መጡ!» ተባለ፤ ጋጋኖዎች ነበሩ፣ እየጮኹ በላያችን አለፉ። ሁለት ሰዓት አለፈ። የጫልቱ ከንፈር ጠቁሯል። አባቴ ፊት ላይ ምን እንዳየች እንጃ፣ ቀስ ብላ ተጠጋችው።

«ቲቸር፣ ዛሬ ብርድ ስለሆነ ሄደው ይሆናል። ሌላ ቀን እንመጣለን።»

እዚያ ላይ ሊያልቅ ይችል ነበር። አዎ ሄደው ይሆናል ቢል አርባውም አምነውት፣ እየዘፈኑ ይመለሱ ነበር። አባቴ ግን ተነስቶ ቆመ። የካሜራውን ማንገቻ ከአንገቱ አወለቀ።

«ጫልቱ፣ አልሄዱም። እዚህ አይቻቸው አላውቅም» አለ። ድምፁ ክፍል ውስጥ ሲያስተምር እንደሚያወጣው ነበር። «ፎቶው ላይ ያለው ወፍ ሳጉሬ ሰው ግቢ ውስጥ የታሰረ ነው። ገመዱን ደብቄ ነው ያነሳሁት። ዋሽቻችኋለሁ።»

ከኋላ አንድ ልጅ ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ጫልቱ «ለምን ቲቸር?» አለች።

«ባለቤቴ እዚህ ቦታ አይቻለሁ ብላኝ ነበር። አላመንኳትም። ሳቅኩባት። ከዚያ...» ብሎ ጉንጩ ላይ ያለውን ካፊያ በመዳፉ ጠረገ። «እውነት እንዲሆንላት ፈልጌ ነው። ግን እንዲህ አይደለም እውነት የሚሆነው።»

ሳሩን የበተንኩት እኔ መሆኔን አልተናገረም። እኔም አልተናገርኩም። እግሬ እርጥብ ሣር ውስጥ ሰጥሞ ነበር፣ ብርዱ ግን አልተሰማኝም። ሁሉም ወደ እኔ የሚያዩ መሰለኝ፤ ማንም አላየኝም። ስንመለስ ከኋላ ዘፈን አልነበረም።

ቤት ገብተን አባቴ ሽሮ ሠራ፤ አሳረረው። ቁጭ ብለን ከላይ ከላዩ በላን። «ሳሩን እኔ ነኝ የበተንኩት» አልኩት።

«በትኚ ያልኩሽ እኔ ነኝ» አለ። «ብዪ።»

ሰኞ ፎቶው ከግድግዳው ወረደ። ርዕሰ መምህሩ ለአንድ ወር ያህል ሰላምታ ነፈጉት። ተማሪዎቹ ደግሞ ቅጽል ስም አወጡለት፤ «ቲቸር ገመዳ» አሉት። በአማርኛ ለሚሰማው ገመድ ነው። በኦሮምኛ ደግሞ ደስ ያለው ማለት ነው፣ የሰው ስምም ነው። ከገጠር አዲስ የሚመጡ ተማሪዎች እውነተኛ ስሙ እየመሰላቸው «ጋሽ ገመዳ» ይሉታል። እሱም ያለምንም ቅሬታ አቤት ይላል። እኔ መጀመሪያ ስሰማ አፍር ነበር፤ በኋላ ለመድኩት።

ትምህርት ከመዘጋቱ በፊት አዴ ሹሚ ቤት ተመለስን። ያነሳቸውን ፎቶ ሰጣቸው፤ ደረታቸው ላይ ለጥፈው ይዘው ስቀው አላበቁም። ከዚያ ወፉን እንደገና አነሳው። በዚህ ጊዜ ዶሮዎቹም፣ ጀሪካኑም፣ ገመዱም ይታያሉ። በራሱ መማሪያ ክፍል ውስጥ ሰቅሎት «ሳጉሬ። ክንፉ የተሰበረ፣ የታሰረ» ብሎ ጻፈበት። ጡረታ እስኪወጣ እዚያው ነበር። ወፉ በዚያው ክረምት ሞተ። አዴ ሹሚ ገበያ ሲመጡ በራችን ላይ ቆመው ነገሩን፤ «ስንዴውን ተወ፣ ከዚያ ተኛ» አሉ። አባቴ እግዜር ይስጥልኝ አላቸው። እኔ ልብስ እያጠብኩ ነበር፤ ማጠቤን ቀጠልኩ።

አሁን እናቴ የሞተችበትን ዕድሜ አራት ዓመት አልፌዋለሁ። አባቴ ዓይኖቹ ደክመዋል፤ የአንዱ ዓይኑ ሞራ ተነሥቶለት እንኳ ብርሃን ብቻ ነው የሚለየው። ቅዳሜ ከሰዓት መድኃኒት ቤቱን ዘግቼ ይዤው እወጣለሁ። ያኔ በሚኒባስና በእግር ከአንድ ሰዓት በላይ የሚፈጀው መንገድ በመኪና ሩብ ሰዓት ነው። ጨፌው ጠቧል፤ ስንዴው እስከ ውሃው አፍ ድረስ ታርሷል። ስልኬ ውስጥ ቁጥሩን የማላውቀው ፎቶ አለ፣ ተመልሼ የማየው ግን የለም። ያኔ በአንድ ፎቶ ዙሪያ ሦስታችንም ራሳችንን አጋጥመን ነጥብ እንፈልግ ነበር።

መኪናውን ዳር አቁሜ አወርደዋለሁ። ከዘራውን መሬቱ ላይ ተክሎ ፊቱን ወደ ውሃው ያዞራል። ያኔ ስሙን የሚጠራው እሱ ነበር፣ የምጽፈው እኔ። አሁን እኔ አያለሁ፣ እሱ ይጠይቃል።

«ምን አለ?»

«ጋጋኖ አለ። አራት ናቸው።»

«ሌላስ?»

ከዳር እስከ ዳር በደንብ አያለሁ። አልቸኩልም። «ዘውድ አላቸው» ብል ያምነኛል፤ ማረጋገጫም የለው። ፊቱ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ።

«ሌላ ምንም የለም፣ አባዬ።»

«እሺ» ይላል። ትንሽ ቆመን እንሄዳለን።