ለልጁ ያጸዳው መጽሐፍ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ሚኒባስ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ሽቶው ያፍናል። ኮቱ የተተኮሰ ነው፤ ጫማው ያብረቀርቃል። በጉልበቶቹ መሃል ከያዘው ፌስታል አዲስ የሕፃን ጫማ ብቅ ብሏል። ጭኑ ላይ ለወጣቶች የተጻፈ የፍቅርና የምስጢር ልብ ወለድ ዘርግቶ፣ አውራ ጣቱን በምራቁ እያራሰ ይገልጣል። በየመሃሉ አንድ ገጽ ይገነጥልና ጨምድዶ እግራችን ሥር ይጥላል።

ትክ ብዬ ሳየው፣ «የልጄ ነው፤ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው» አለኝ። «ነውሩን ሳላጸዳ አላስነብባትም።»

መሳሳሙን ማለቱ መሰለኝ።

ኮምቦልቻ ከታች መታየት ስትጀምር ልጅቷ ደወለች።

«ዊዳድዬ፣ ወላሂ ቦሩ ሜዳ ነኝ፤ በሽተኛ ልጠይቅ መጥቼ ነው» አላት። ድምፁ ማር ማር ይላል።

አስተግፊሩላህ አልኩ በሆዴ። ቦሩ ሜዳ ከደሴ ወዲያ ነው፤ እኛ ወዲህ።

እሱ ሲያወራ እግሬ ሥር ከወደቁት ገጾች አንዱን አንስቼ ዘረጋሁት። መሳሳም የለበትም። አንዲት ልጃገረድ አባቷን ተከትላ ሌላ ከተማ ትሄዳለች፤ እዚያ በማታውቀው ቤት ደጃፍ አንድ ሕፃን «አባዬ» እያለ ሲጠመጠምበት ታያለች። ጭኑ ላይ የተገለጠውን መጽሐፍ ሰረቅ አድርጌ አየሁ፤ የሚሳሳሙበት ገጽ አልተነካም።

መናኸሪያ ስንደርስ መጽሐፉን ዘጋ። «አሁን ታንብበው» አለና ምራቁ ያልደረቀ እጁን ለስንብት ዘረጋልኝ።

እጄን ከነገጹ ኪሴ ከተትኩት።