አዜብና የቆርቆሮዋ ተጎታች ቤት

አዜብ እህቴ ናት። እኔ ብዕር ብዙም አልለመድኩም፤ ፊደሉም እየጠፋብኝ ነው የምጽፍ። ግን ያን ቀን የያዘኝ ንዴት እስካሁን አልለቀቀኝም፣ በአፌም መናገር አልሆነልኝም።

አዜብ የመውቂያ ማሽን ለምናሠራ ሰዎች ምግብ ታበስላለች። ከኅዳር ጀምሮ ከአርብ ገበያ እስከ ወገዳ፣ ከአውድማ አውድማ እንዞራለን። ማሽኑን አይሱዙ ይጭነዋል፤ ከኋላው በሁለት ጎማ የቆመች የቆርቆሮ ቤት ይጎትታል። አዜብና ጡት ያልጣለች ልጇ ሩት የሚያድሩም የሚጓዙም እዚያ ውስጥ ነው፤ ለመውቂያው የሚከፈለውን እህልም እዚያው እንጭናለን። ቤቷን ያሠሯት ባለማሽኑ ጋሼ አወቀ ናቸው።

ቤቷ ቁልቁለት ባየች ቁጥር ጭራዋ ግራና ቀኝ ይማታል። አዜብ በአንድ እጇ ልጇን፣ በአንድ እጇ የአልጋውን ብረት ይዛ ነው የምትወርድ። አንድ ቀን የሩት ራስ ቆርቆሮው ላይ ተላተመ። ወገዳ እንደደረስን አዜብ የከተማውን ብረት በያጅ ተክሌን ጎትታ አመጣችው። ተክሌ ቤቷን ከመኪናው ፈታና መጎተቻ ብረቷን በአንድ እጁ ብድግ አደረገው።

«ይህ ምንም አልተጫነበትም። እህሉን የት ነው የጫናችሁት?»

«አመጣጥነን ነዋ» አሉ ጋሼ አወቀ። «ግማሹን ከፊት፣ ግማሹን ከኋላ። አህያ ስጭን ነው ያረጀሁ፣ ጭነት ልታስተምረኝ ነው?»

«አህያ በጀርባዋ ነው የምትሸከም ጋሼ። ይቺ ግን አፍንጫዋ መኪናው ላይ ካልተጫነ ጭራዋ ይነዳታል። ከክብደቷ ከአስር አንዱ፣ እንደ አስራት፣ መጎተቻው ላይ ይረፍ።» ከሥር ገብቶም አየ። «ጎማው ላይ ቤቷን የተሸከመው ባሌስትራም የትልቅ መኪና ነው። ይህ ጭነት አያጥፈውም፣ ለዚያ ነው የምታነጥር። ከተደራረቡት ብረቶች ግማሹን አውጡላት።»

«ደህናውን ብረት? አዜብ ፍራሽ ያለው መኪና አምሯታል በሉኛ» አሉ። ሰዎቹ ሳቁ። እኔ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አየሁ። የሕፃን ራስ ነበር እኮ የሚላተመው።

አዜብ አልሳቀችም። ቤቷ ገብታ ሩትን አዝላ ድስትና ጋቢዋን ይዛ ወጣች።

«እርስዎ ይግቡና ቁልቁለቱን ይውረዱባት። እኔ ልጄን ይዤ በእግሬ እሄዳለሁ።»

«ራቱንስ ማን ሊሠራው?»

«ውስጥ ሆነው እየተወዛወዙ ይሥሩት።»

«ሂጂ፣ ሌላ አብሳይ አላጣም። እስቲ አንዳችሁ ግቡና ዕቃውን ያዙ፣ እንሂድ» አሉ ወደ እኛ ዞረው።

ማንም አልተነሳም። ሲስቁ የነበሩትም መሬት መሬት ያያሉ። እኔም ሄጄ አዜብ ጎን ቆምኩ። ጋሼ አወቀ ብዙ ተሳደቡ። የሚቀጥለው አውድማ ገበሬ ነዶውን ከምሮ እየጠበቃቸው ነው፣ መቆየት አይችሉም። መጨረሻ ላይ «ጫኑት እንግዲህ፣ አፍንጫዋ ላይ ጫኑት» አሉ።

የገብሱን ጆንያ ወደ ፊት አሻገርን። ተክሌ የእህል ሚዛን አስመጥቶ መጎተቻውን እላዩ ላይ አሳረፈ፤ እስኪበቃው ድረስ «ጨምሩ» ይላል። አዜብ ብረቱን ራሷ ልታነሳ ሞከረች፣ አልነቃነቅ አላት። ቢሆንም አልገባችም።

«ባሌስትራውስ?» አለች።

ጋሼ አወቀ ፊታቸውን አዙረው ለተክሌ በእጃቸው «ግባ» የሚል ምልክት ሰጡት። ተክሌ መፍቻውን ይዞ ከሥር ገባ። አዜብ እሱ እስኪጨርስ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ጀርባዋን ለሁላችንም ሰጥታ፣ ልጇን ታጠባ ጀመር።