እማማ ድንቅነሽ ከነጣራቸው የሄዱ ዕለት

ቤት ሲሄድ አይቻለሁ። ሰው ተሸክሞት ነው የሄደው፤ ባለቤቲቱ ደግሞ ከውስጥ ሆነው አብረው ይራመዱ ነበር። «ይኼ ደግሞ ጀመረው» እንደምትሉ አውቃለሁ። ሚስቴ ራሷ ይኸን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣ «ማን ያምንሃል?» እያለች ነው። እሷ እንኳ ያን ዕለት እዚያው ነበረች!

ነገሩ የሆነው ደርግ ከወደቀ ስድስት ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ግንቦት ላይ። ያኔ ሠላሳ አልሞላኝም። እኔ ማንበብና መጻፍ ያለ አስተማሪ፣ ከአሮጌ ጋዜጣ ላይ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ያነበብኩት ግን ይጠፋኛል። ይኼ አልጠፋ አለኝ።

አገሬ አስታ አፋፍ ትባላለች። ከሞላሌ ገበያ በእግር ሦስት ሰዓት ነው፤ ለእኔ ሁለት። ሃያ ሦስት ቤት፣ አንድ ምንጭና አንድ ሚካኤል አለን፤ የቀረው ገብስ፣ በግና ነፋስ ነው። የእኛ ነፋስ ባርኔጣህን ከወሰደ ዘመሮ ከተማ ነው ሄደህ የምታገኘው። ሱቅ የለም። ጨው ያለቀበት ከጎረቤት ይበደራል። የተጣላ እንኳ በሌላ ጎረቤት በኩል ይበደራል፤ ሰጪውም ለማን እንደሆነ እያወቀ ይሰጣል።

የመጨረሻው ቤት፣ ገደሉ ጫፍ ላይ ያለው፣ የእማማ ድንቅነሽ ነበር። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ክረምት በመጣ ቁጥር ገደሉ መሬቱን ሲበላ ሲበላ፣ ያን ዓመት ከጓሯቸው እስከ ጫፉ ዐሥር እርምጃ ቀረ። ግድግዳው እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አወጣ። ሰኔ ከገባ ቤቱ ከነእሳቸው ገደል እንደሚገባ ያላወቀ ሰው አልነበረም።

ቄሱ ለመኗቸው፤ እምቢ። የቀበሌው ሊቀመንበር ለመናቸው፤ እምቢ። ደብረ ብርሃን ያለችው ልጃቸው «እኔ ጋ ይምጡ» ብላ ላከች፤ እምቢ። በመጨረሻ በምላሴ የምተማመነው እኔ ሄድኩ።

«እማማ፣ ይኸ ቤት እኮ ሊሄድ ነው» አልኳቸው።

«ይሂዳ! እኔን ምን አስቸኮለኝ?»

«እርስዎም አብረው ነው የሚሄዱት!»

«ስማ ጌቴ፣ ይኸን ጣራ ሟቹ አንድ በጋ ሙሉ ብቻውን ነው ያዋቀረው። ማገሩን ያቀበልኩት እኔ ነኝ። እሱን ጥዬ የትም አልሄድም። ጣራው ከሄደ እሄዳለሁ፣ በል ውጣልኝ!»

«ጣራው ከሄደ» ያሉት ያው እምቢ ለማለት ነው። የእኔ አፍ ግን መቼ ያርፋል? «እንግዲያው ጣራውን እናስኬደዋለን!» ብዬ ወጣሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይኸን ለቀልድ አወራሁት። ማንም አልሳቀም። የመንደራችን ግንበኛ አያ ተክሌ አገጩን አሸት አሸት አድርጎ «ይቻላል እኮ» አለ። እኛ ጋ አዲስ ጣራ መሬት ላይ ይዋቀርና ሰው ተሰብስቦ አንሥቶ ግድግዳው ላይ ያወጣዋል። ያረጀ ጣራ አንሥቶ መንደር ማቋረጥ ግን ማንም ሞክሮ አያውቅም።

ደቦ ተጠራ። የቤቱን ስፋት የለካሁት እኔ ነኝ፤ ከእኔ ሌላ ሒሳብ የሚያውቅ ማን አለና! «ዐሥራ ሁለት ክንድ» አልኩት ለአያ ተክሌ። እሱ በሚካኤል አጥር አጠገብ አዲሱን ግድግዳ መካብ ጀመረ፤ ሰው በተራ ድንጋይ ያመላልሳል። ደመናው ግን ቀደመን። ስለዚህ ግድግዳው ገና ጉልበት ላይ ሳለ ጣራውን አምጥተን በባላ ልናቆመው፣ የቀረውን ከሥሩ ልንጨርሰው ተስማማን።

ሐሙስ ጠዋት ተሰበሰብን። አርባ ሰው እንሆናለን። ከሳር ክዳኑ የላይ የላዩን አራግፈን ጣራውን አቀለልነው። በባላ ደግፈን አሮጌውን ግድግዳ አፈረስነው፤ ምሰሶውን ነቀልነው፤ ረጃጅም እንጨት ከሥር አሳለፍን።

«እማማ፣ ይውጡ፣ ልናነሣ ነው!»

«ጣራው ከሄደ እሄዳለሁ አልኩ እንጂ እወጣለሁ አልኩ?»

ጎንበስ ብዬ ባይ እሳት ይዘዋል! ከምድጃቸው ፍሙን አውጥተው፣ በአመድ ቀብረው፣ በገል ታቅፈዋል። እኛ ሳር ቤት ልንሸከም፣ ከሥራችን እሳት! ቄሱ ጮኹ፦

«ድንቄ፣ በሚካኤል! እሳቱን ለሰው ስጪ!»

«አባ፣ ይኼ እሳት ከተዳርኩ ጀምሮ ጠፍቶ አያውቅም። ሰው እጅ ላይ ይጠፋል። እርስዎ ይጸልዩ፣ እሳቱን እኔ እይዘዋለሁ።»

ከእሳቸው ጋር ማን ይከራከራል? «ያዝ! አንሳ!» ተባለ። ተነሣ። ያን ጊዜ ከሩቅ ያየን ሰው ሰማንያ እግር ያለው ጎጆ መስሎታል።

መንገዱ መሐል ላይ፣ ከገብሱ ማሳ ዳር፣ ያ ነፋሳችን መጣ። ጣራውን ከአንድ ጎን አነሣው። በእኔ በኩል ክብደቱ ሁሉ ወረደብን፤ አጠገቤ ያለው ሰው ተንበረከከ። ቀኝ ትከሻዬ ጧ! ሲል ሰማሁት። ከጣልነው እማማ ከሥር ናቸው፤ እሳቱም ከሥር ነው። «ቁም!» ተባለና ሁሉም ባለበት ደረቀ።

ያን ጊዜ ከታች ድምፅ ሰማሁ። ቀስ ያለ ድምፅ ነው።

«አይዞህ፣ ትንሽ ነው የቀረው። ደርሰናል እኮ።»

ለእኔ መስሎኝ «ምንም አልሆንኩ እማማ» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ዞር ብዬ ሳይ ግን እኔን አያዩም። በአንድ እጃቸው እሳቱን ይዘዋል፤ በአንድ እጃቸው ማገሩን ይዳብሳሉ፤ ዓይናቸው ጣራው ላይ ነው። አፌን ዘጋሁ። ሚስቴ እንደምትለው በሕይወቴ ያን አንድ ቀን ብቻ ነው የዘጋሁት።

ነፋሱ አለፈ። ተነሣን፣ ሄድን፣ ደረስን። ግድግዳውን ተሻግረን መሐሉ ላይ ስንቆም ጉድ ፈላ! ጣራው ግድግዳው መሐል ገብቶ ቀረ፤ ዙሪያውን አንድ እርምጃ ይተርፋል። ለካ እኔ ክንድ የለካሁት ከክርኔ እስከ ጭብጤ ነው፤ አያ ተክሌ ደግሞ ከክርኑ እስከ መሐል ጣቱ ጫፍ!

«ጌቴ፣ የአንተ ክንድ ጣት የለውም?» አለኝ ከሸክሙ ሥር።

አርባ ሰው ተሸክሞ ሲስቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጣራው ይንቀጠቀጣል።

«ምን ገተራችሁ?» አሉ እማማ።

«ግድግዳው ሰፋ እማማ!»

«ጠበበ አላላችሁ! በጎቼስ የት ሊያድሩ ነው? አስቀምጡት!»

በባላ ላይ አስቀመጥነው። እሳቸውም ያንን እሳት አዲሱ ምድጃ ላይ አፍስሰው እፍ ሲሉት ቦግ አለ። ሴቶቹ እልል አሉ። አርባ ሰው ነንና በዚያው ቀን ከጣራው ሥር ሌላ ግድግዳ ካብን፤ በሁለቱ ግድግዳ መሐል ያለውን ክፍተት ጓሳ ሳር አለበስነውና የበጎቹ ማደሪያ ሆነ። ዝናቡ የጀመረው ዐሥር ሰዓት ላይ፣ እኛ እጃችንን ስንታጠብ ነው።

ሐምሌ ላይ የድሮው ቦታ ሄደ። ጠዋት ሄደን ስናይ ምድጃው የነበረበት አየር ነው።

እማማ ድንቅነሽ ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ክረምት ኖሩ፤ ያረፉትም በዚያው ጣራ ሥር ነው። ያን የሰማሁትን ቃል እሳቸው እያሉ ለማንም አልተናገርኩም። ሰው ወሬኛ ይለኛል እንጂ ምስጢር ይጠብቃል አይለኝም፤ ይኸን ግን ጠብቄያለሁ። ብርድ ሲመጣ ቀኝ ትከሻዬ ያመኛል። ሚስቴ በቅቤ ታሸኛለች፤ እኔ ደግሞ እውነቴን ነው፣ ሕመሙ ደስ ይለኛል። እኔ ብቻቸውን ናቸው ብዬ እቀልድባቸው የነበሩ ሴትዮ ለካ ከሟቹ ጋር ነበር የሚኖሩት።

አላመናችሁም አይደል? ሞላሌ ውረዱና ወደ አስታ አፋፍ የሚሄድ ሰው ተከተሉ። ከመንደሩ ሽበት ያወጣውን ማንንም ጠይቁ፤ አንድ በአንድ ይነግራችኋል። ከባዱን ጎን የተሸከመው ማን ነበር ብላችሁ ግን እንዳትጠይቁ። ሁሉም «እኔ ነኝ» ነው የሚላችሁ። ውሸታቸውን ነው። እኔ ነኝ።